ሙዚየሙ ሥር የተገኘው የሻምፓኝ ቡሽ

ዋሽንግተን ዲሲ የኖረ ወይም ዘመድ ሊጠይቅ የሄደ ሐበሻ ቦታውን ሳያየው አይቀርም። የአሜሪካ ምክር ቤት ከሚሰበሰብበት ከካፒቶል አጠገብ፣ ናሽናል ሞል የሚባለው ሰፊ ሜዳ ዳር ላይ፣ ነፋስ የቦረቦረው ገደል የሚመስል የማር ቀለም ያለው ሕንፃ አለ። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ብሔራዊ ሙዚየም ነው። በ2004 ተከፈተ። ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ስንቱን ቱሪስት በሩ ላይ አራግፈዋል።

የሙዚየሙ ባለቤት ስሚዝሶኒያን ግንባታውን ከመጀመሩ በፊት፣ በ1997፣ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ቦታውን ቆፍረው ነበር። ከአፈሩ ውስጥ የድሮ የቆሻሻ መጣያ ወጣ። ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ሰው በኖረበት ሁሉ ቆሻሻ አለ። ግራ ያጋባው የቆሻሻው ዓይነት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢው የሠራተኞችና የድሆች ሰፈር ነበር። ከመንገዶቹ አንዷ እንዲያውም ስሟ “የቅማል መንደር” ነበር። እዚያ መሀል የሻምፓኝ ቡሽ፣ ቡሹን የሚያስረው ሽቦ፣ ጠርዙ ወርቅ የተቀባ ሸክላ ሳህን እና የኮኮናት ቅርፊት ተገኘ።

ማነው ቅማል መንደር ተቀምጦ ሻምፓኝ የሚጠጣ?

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ይዛችሁልኝ እንቀጥል።

ቤቱ የማን ነበር?

የሜሪ አን ሆል። አድራሻው ሜሪላንድ አቬኑ፣ ቁጥር 349። ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት ነበር። ሆል ቤቱን ያሠራችው በ1840 አካባቢ፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለች ነው። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ገደማ የሴተኛ አዳሪ ቤት ሆኖ ሠራ። ከበሩ ብቅ ቢሉ ካፒቶል ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሰፈሩ ያኔ “ደሴቱ” ይባል ነበር። ዛሬ ናሽናል ሞል ያለበትን ጠርዝ ይዞ የሚሄድ ቦይ ነበረና ደቡብ ምዕራቡን ከቀረው ከተማ ይቆርጠዋል። ቦዩ ለጀልባ ተብሎ ተቆፈረ፤ ኋላ ላይ የከተማው የቆሻሻ መፍሰሻ ሆነና የሚሸት ነገር ሆኖ ቀረ። በ1870ዎቹ ተደፈነ። እንግዲህ የሆል ደንበኛ፣ ጫማውን የጠረገ ጌታ ሳይቀር፣ ያንን ሽታ ተሻግሮ ነው የሚመጣው።

ሆል “ማዳም” ነበረች። “ማዳም” ስንል ምን ማለታችን ነው? ሥራውስ እንዴት ይሄድ ነበር?

ማዳም ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የምትታወሰን ቤሩት ወይም ዱባይ ያለች አሠሪ ናት። በዚያን ዘመን አሜሪካ ግን ቃሉ የሴተኛ አዳሪ ቤት ባለቤት ወይም አስተዳዳሪ ማለት ነው። ሥራዋ ቤቱን መምራት ነው። ማን ይገባል፣ ማን ይመለሳል፣ ፖሊስ ሲመጣ ምን ይባላል፣ የሥጋ ሻጩ ሂሳብ መቼ ይከፈላል፤ ይሄን ሁሉ የምትወስነው እሷ ናት።

አልጋ፣ ምግብ ቤትና መጠጥ ቤት አንድ ጣሪያ ሥር ተደርበው አስቡት። ሴቶቹ እዚያው ይኖራሉ። ለመኝታና ለምግብ ለማዳሟ ይከፍላሉ፣ ወይም ከሚያገኙት ላይ ትቆርጣለች። ሁለተኛው ትልቅ ገቢ መጠጡ ነው። ሳሎን ውስጥ የሚከፈት ሻምፓኝ ሱቅ ካለው በጣም ይወደዳል፤ እንግዳው ደግሞ እዚያ ቁጭ ብሎ ዋጋ አይከራከርም። ስለዚህ የቡሹ ብዛት የጥጋብ ምልክት ብቻ አይደለም። የሽያጭ ደረሰኝ በሉት።

ቤቶቹ ሁሉ ግን አንድ አልነበሩም። ከላይ እንደ ሆል ያሉት “የሳሎን ቤቶች” ነበሩ፤ ምንጣፍ የተነጠፈባቸው፣ ሥዕል የተሰቀለባቸው፣ እንግዳው ቁጭ ብሎ የሚጫወትባቸው። መሀል ላይ ተራ ቤቶች። ከታች ደግሞ ክፍል በሰዓት የሚከራይባቸው ጎስቋላ ጎጆዎች። በአንዱ ከተማ፣ በአንዱ ሥራ፣ በላይኛዋና በታችኛዋ ሴት ኑሮ መሀል ያለው ርቀት የሰማይና የምድር ነው። ስለ ሆል ቤት ስናወራ ይሄን አለመርሳት ጥሩ ነው። የሻምፓኙ ወሬ ስለሚጥም ሌላውን ይሸፍነዋል።

በሕግ የተከለከለ አልነበረም እንዴ?

ነበረም፣ አልነበረምም። አሜሪካ ከእንግሊዝ በወረሰችው ሕግ “የሴሰኝነት ቤት መያዝ” የአካባቢን ሰላም የሚያውክ ጥፋት ነው። ጥፋተኛው ቤቱን የያዘው ሰው ነው። ገላን መሸጡ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ በሕግ ያልተጻፈባቸው ቦታዎች ግን ብዙ ነበሩ። ሴቶቹ ሲያዙ ብዙውን ጊዜ የሚከሰሱት “ሥራ ፈት፣ አውደልዳይ፣ በጥባጭ” ተብለው ነው። መንገድ ላይ የቆመችዋ ድሃ በቀላሉ ትታፈሳለች። የሳሎን ቤቷ መጋረጃዋን ዘግታ ትቀመጣለች።

አዲስ አበባ ላይ የጎዳና ንግድን አስቡት። ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። በየቀኑ ግን አለ። ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሸራው ይጠቀለላል፤ ሲሄድ ይዘረጋል። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ይገዛል፣ አልፎ አልፎ አንዱ ይቀጣል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ ከተሞችም ሴተኛ አዳሪ ቤቶችን የያዙት ከሞላ ጎደል እንዲሁ ነው። ሆል ራሷ በ1864 በዚሁ ጉዳይ ክስ ቀርቦባት ነበር። ቤቷ ግን ከዚያ በኋላም ዓመታት ሠርቷል።

ደንበኛው ከየት ይመጣ ነበር?

ከከተማዋ ጠባይ። ዋሽንግተን የወንዶች ከተማ ነበረች። የምክር ቤት አባላት ለስብሰባ ጊዜ ይመጣሉ፤ ሚስትና ልጆቻቸውን ብዙዎቹ አገር ቤት ይተዋሉ። እንግዳ ማረፊያ ቤት ውስጥ ክፍል ይከራያሉ። ከእነሱ ጋር ጸሐፊው፣ ጋዜጠኛው፣ ጉዳይ አስፈጻሚው፣ ሥራ ፈላጊው ይጎርፋል። ምክር ቤቱ ሲበተን ከተማዋ ጭር ትላለች። በዚህ ላይ ከ1861 ጀምሮ ጦርነት መጣ።

ጦርነቱ ምን ለወጠ?

ሁሉን ነገር። በ1860 ሕዝብ ቆጠራ ዲሲ ውስጥ 75,000 ያህል ሰው ነበር። ሰሜኑና ባሪያ የሚያሠራው ደቡብ የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሳ ከተማዋ የሰሜኑ ጦር ጓዳ ሆነች። ወታደር ይሰለጥንባታል፣ ቁስለኛ ይተኛባታል፣ ደሞዝ ይከፈልባታል። በ1862 ደግሞ ባርነት ዲሲ ውስጥ በሕግ ስለቀረና ከደቡብ የሚያመልጡ ስለበዙ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁሮች ምንም ሳይይዙ ገቡ። ከተማዋ ሞልታ ፈሰሰች።

ከኋይት ሀውስ ብዙ ሳይርቅ፣ ከፔንሲልቬንያ አቬኑ ወደ ቦዩ በሚወርደው ዝቅተኛ መሬት ላይ “መርደር ቤይ” የሚባል ሰፈር ነበር። የግድያ ወሽመጥ እንደማለት ነው። ስሙን በከንቱ አላገኘውም። ጦርነቱ ሰፈሩን ወደ ሌላ ነገር ለወጠው። በ1862 ከተማዋ ውስጥ 450 ያህል ሴተኛ አዳሪ ቤቶች እንዳሉ ወታደራዊ ፖሊስ ገመተ። በቀጣዩ ዓመት አንድ የከተማዋ ጋዜጣ ሴቶቹን ዋሽንግተን ውስጥ 5,000፣ በጎረቤቶቹ ጆርጅታውንና አሌክሳንድሪያ 2,500 አደረሳቸው። ለእንዲህ ያለ ቁጥር ራሴ ብዙ እምነት የለኝም። ማን ቤት ለቤት ዞሮ ቆጠረ? ብቻዋን የምትኖር ልብስ ሰፊ ሁሉ “እንዲያ ያለች” ተብላ በምትጠረጠርበት ዘመን ቁጥር ቶሎ ያብጣል።

ከግምቱ ይልቅ የሚታመነው ሌላ ወረቀት ነው። በ1864 እና በ1865 መካከል የወታደራዊ ፖሊስ አዛዡ ጽሕፈት ቤት የቤቶቹን መዝገብ አዘጋጀ። ከ70 በላይ ቤቶች በስም፣ በአድራሻ፣ በሚኖሩባቸው ሴቶች ቁጥርና በደረጃ ተጽፈዋል። ደረጃው ከአንደኛ ይጀምርና “ዝቅተኛ”፣ “በጣም ዝቅተኛ” እያለ ይወርዳል። የጥቁር ሴቶቹ ቤቶች ለብቻ ተለይተው ሰፍረዋል። ከቤቶቹ ስም የሚያስቁ አሉ። ጦርነቱ የተጀመረበት ምሽግ ስም የተሰጠው “ፎርት ሰምተር” የሚባል ነበር። ባለቤቷ ሚስስ ዎልፍ የሆነች ቤት ደግሞ “የተኩላ ዋሻ” ትባላለች፤ ዎልፍ ማለት ተኩላ ነውና።

የሜሪ አን ሆል ቤት አንደኛ ደረጃ፣ 18 ሴቶች። በዝርዝሩ ላይ ትልቁ ቤት እሱ ነው።

መዝገቡ ላይ አንድ የማይታይ ነገር አለ። ባለቤቷ ተጽፋለች። ሴቶቹ ተቆጥረዋል። የገባውን ወንድ የሚጠይቅ አምድ የለም።

ጦሩ ለምን መዝገብ ያዘ?

በበሽታ ምክንያት። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም፤ ለሕዝብ የደረሰው በ1940ዎቹ ነው። ቂጥኝ የሚታከመው በሜርኩሪ ነበር። መድኃኒቱ ከበሽታው የማይተናነስ መርዝ ነው። የሰሜኑ ጦር ሐኪሞች በጦርነቱ ዓመታት ከነጭ ወታደሮች መካከል ብቻ 73,382 የቂጥኝና 109,397 የጨብጥ ሕመሞችን መዝግበዋል። አንዱ ወታደር ሁለት ሦስት ጊዜ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሆስፒታል የተኛ ወታደር ጠመንጃ አይዝም። ለጄኔራሎቹ ጉዳዩ የኃጢአት ሳይሆን የሰው ኃይል ነበር።

ዋሽንግተን በመቁጠር ቆመች። ከዚያ ያለፈችው ሌላ ከተማ ናት። የናሽቪልን ታሪክ ካልነገርኳችሁ ይሄ ጽሑፍ ጎዶሎ ይሆንብኛል።

ናሽቪል ሴቶቹን በመርከብ የሰደደችው ለምንድነው?

ቴነሲ ያለችው ናሽቪል በየካቲት 1862 በሰሜኑ ጦር እጅ ገባች። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት የሕዝብ ቆጣሪዎች ከተማዋ ውስጥ 207 ሴተኛ አዳሪዎችን መዝግበው ነበር። ጦሩ ሲሰፍር ቁጥሩ ተተኮሰ፤ በሽታውም አብሮ።

በሐምሌ 1863 አዛዦቹ መላ መቱ። ሴቶቹን ከከተማ ማባረር። ለዚህ ሥራ የተጠለፈችው አይዳሆ የምትባል አዲስ የወንዝ መርከብ ናት። ካፒቴኗ ጆን ኒውኮም ይባላል። ገና በመጀመሪያ ጉዞዋ 111 ሴቶች ተጫኑባት። ጠባቂ የለ፣ በቂ ስንቅ የለ። ሰውዬው “ወደ ሰሜን ውሰዳቸው” ተብሎ ተላከ።

ልዊቪል ደረሰ። እዚህ አይወርዱም ተባለ። ወደ ሲንሲናቲ ቀጠለ። እዚያም እምቢ። በየወደቡ ወንዶች ጀልባ እየቀዘፉ ወደ መርከቧ ይጠጋሉ፤ ከሴቶቹ የቻሉት ያመልጣሉ፤ የመርከቧ ዕቃ ይሰባበራል። በመጨረሻ ከዋሽንግተን ትእዛዝ መጣ፤ መልሳቸው። ከ28 ቀን በኋላ መርከቧ ሴቶቹን ይዛ ናሽቪል ተመለሰች። ኒውኮም ኪሳራውን ለማስመለስ ሁለት ዓመት ደጅ ጠንቶ፣ በ1865 ከ5,000 ዶላር በላይ ተከፈለው። መርከቧን ግን ከክፉ ስሟ ማንም አላወጣለትም። ሌላም ነገር አለ። ያባረሩት ነጮቹን ብቻ ነበርና ከተማዋ ውስጥ ቦታውን ጥቁር ሴቶች ያዙት። ማባረሩ ሥራውን ሳይሆን ሰውን ቀየረ ማለት ነው።

የወታደራዊ ፖሊስ አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ጆርጅ ስፓልዲንግ ይባላል። መርከቡ አልሠራ ሲለው ወደ ተቃራኒው ዞረ። በነሐሴ 1863 ፈቃድ አወጣላቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሴቷ ትመዘገባለች፣ 5 ዶላር ትከፍላለች፣ ፈቃድ ወረቀት ይሰጣታል። በየሳምንቱ ሐኪም ያያታል፤ ለምርመራው 50 ሳንቲም ትከፍላለች። በሽታ ከተገኘባት ለዚሁ የተከፈተ ሆስፒታል ገብታ ትታከማለች፤ ወጪው የሚሸፈነው ከዚያው ክፍያ ነው። ያለ ፈቃድ ስትሠራ የተገኘች ትታሰራለች። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ350 በላይ ሴቶች ፈቃድ ወሰዱ።

ሐኪሞቹ ውጤቱን ወደዱት። አንዳንዶቹ ሴቶችም የሆስፒታሉን ሕክምና ወደዱት፤ ከዚያ በፊት ማን አክሟቸው ያውቃል? ወታደሩን በዚያ መልክ በየሳምንቱ አስገድዶ መመርመር ግን የአሠራሩ ክፍል አልነበረም። ጦርነቱ በ1865 ሲያልቅና ጦሩ ሲወጣ ፈቃዱም አብሮ ቀረ። ቆይቶ ሴንት ልዊስ ከ1870 እስከ 1874 ተመሳሳይ ነገር ሞከረች፤ ተቃውሞ ሲበረታ ተወችው።

ሴቶቹ ለምን ገቡበት?

አንድ መልስ የለም። ግን ሂሳቡን እንየው። ለአንዲት ድሃ ሴት የነበሩት ሥራዎች የሰው ቤት ማገልገል፣ ልብስ ማጠብና መስፋት ናቸው። ክፍያቸው ከእጅ ወደ አፍ ነው። ጦርነቱ ላይ ባል ወይም አባት የሞተባት ደግሞ የሚደግፋት የላትም። በጊዜው ለሴት የተገኘው ምርጥ የቢሮ ሥራ የግምጃ ቤት ጸሐፊነት ነበር። መንግሥት በ1862 ሴቶችን መቅጠር ሲጀምር በዓመት 600 ዶላር ከፈላቸው። ወንዱ ጸሐፊ የዚያን እጥፍ ያገኛል። ያቺን 600 ለማግኘትም ማንበብና መጻፍ ብቻ አይበቃም፤ የሚያውቅሽ ሰው ያስፈልጋል።

ሌላው የጋብቻ ሕጉ ነው። በዚያን ዘመን ሕግ ያገባች ሴት በሕግ ፊት ከባሏ ጋር አንድ ሰው ናት፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ ባልየው ነው። ገንዘቧም ደሞዟም የእሱ ነው። ለዲሲ ይሄን የሚያላላ ሕግ የወጣው በ1869 ነው። ሜሪ አን ሆል አላገባችም። ስለዚህ ቤት በስሟ አሠራች፣ ውል ፈረመች፣ ገንዘቧን ራሷ ያዘች። ባል ቢኖራት ኖሮ ያ የጡብ ቤት የእሱ በሆነ ነበር። ሴት ንግድ በስሟ መያዝ በከበዳት ከተማ ውስጥ፣ ከሀብታሞቹ ነጋዴ ሴቶች አንዷ ማዳም መሆኗ አይገርምም።

ይሄን ስል ሥራውን ማሳመሬ አይደለም። 18ቱ ሴቶች እንደ ሆል 87,000 ዶላር ትተው አልሞቱም። ወደ እሱ እንመጣለን።

“ሁከር” የሚለው ቃል ከጄኔራል ሁከር ነው የመጣው?

አይደለም፤ ግን ዋሽንግተን ውስጥ ዛሬም የሚነገር ወሬ ነው። ጄኔራል ጆሴፍ ሁከር በ1863 ለግማሽ ዓመት ያህል ትልቁን የሰሜን ጦር አዝዟል። የመርደር ቤይ ሰፈርም “የሁከር ክፍለ ጦር” የሚል ስም ወጣለት። በእንግሊዝኛ የመንገድ ቋንቋ ሁከር ማለት ሴተኛ አዳሪ ነው። ሰው ሁለቱን ገጠመና ታሪክ ሠራ።

ቃሉ ግን ከጦርነቱ ይቀድማል። በ1845 በተጻፈ ደብዳቤ ላይ አለ። በ1859 የታተመ የአሜሪካ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላትም ይዞታል፤ እዚያ ላይ የተያያዘው ኒውዮርክ ካለ “ሁክ” ከሚባል የመርከበኞች ሰፈር ጋር ነው። ጄኔራሉ ቃሉን አልፈጠረም። ስሙ ቀልዱን አጣፈጠው እንጂ።

ቆሻሻ ምን ሊናገር ይችላል?

ሰው ስለራሱ ሲናገር ይመርጣል። የጣለውን ግን አይመርጥም። ባለሙያዎቹ የሆልን ቤት ቆሻሻ በዚያው አካባቢ ከኖሩ ሠራተኛ ቤተሰቦች ቆሻሻ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው አነጻጸሩ። ጎረቤቶቹ በተራ ሳህን ሲበሉ የሆል ቤት በጥሩ ሸክላ ይበላል። አጥንቱ የጥሩ ሥጋ፣ የአሳ፣ የአዕዋፍና የኤሊ ነው። የኤሊ ሾርባ ያን ጊዜ የትልልቅ ግብዣዎች ምግብ ነበር። የፍራፍሬ ፍሬዎች፣ ኮኮናት፣ ከብራዚል የመጣ ለውዝ። ቡሹ ደግሞ የፈረንሳይ ሻምፓኝ ነው፤ ፓይፐር ሃይድሲክ፣ ዛሬም ሱቅ ላይ የሚሸጠው።

ሆል ስትሞት የንብረቷ ዝርዝር በፍርድ ቤት ተመዘገበ። የቤልጂግ ምንጣፍ፣ የዘይት ሥዕሎች፣ የበረዶ ሳጥን። ከዚያ አንሶላ፣ ትራስ፣ ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ በብዛት። አንዲት ብቻዋን የምትኖር ሴት ያን ሁሉ አንሶላ ምን ታደርገዋለች ብሎ የጠየቀ መዝጋቢ ያለ አይመስልም። ወረቀቱና አፈሩ አንድ ነገር ተናገሩ። ቆፋሪዎቹም ቡሹ የማን እንደሆነ ያወቁት በዚሁ ነው።

ታዲያ ይሄ ሁሉ እንዴት ተረሳ?

ሕንፃዎቹ ፈረሱ፤ አንደኛው ይሄ ነው። በ1914 ምክር ቤቱ ለዲሲ ባወጣው ሕግ ሴተኛ አዳሪ ቤት ሆኖ የተገኘ ሕንፃ በፍርድ ቤት እንዲዘጋ ፈቀደ። ቤቱን የሚያከራየው ባለሀብት ላይ ስለመጣ ሕጉ ጥርስ ነበረው። የሁከር ክፍለ ጦር ሰፈር ተበተነ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት ቦታውን ጠራርጎ ፌዴራል ትሪያንግል የሚባለውን የመሥሪያ ቤቶች ግቢ ሠራበት። ዛሬ እዚያ የፍትሕ ሚኒስቴር አለ። የግብር መሥሪያ ቤቱ አለ። የአገሪቱ ቤተ መዛግብትም አለ። በነጭ ድንጋይ አምዶቹ መሀል ስታልፉ መርደር ቤይ ላይ እየረገጣችሁ ነው።

ሁለተኛው ዝምታ ነው። ሴቶቹ የሚጽፉበት ምክንያት አልነበራቸውም። ወንዶቹ የማይጽፉበት ብዙ ምክንያት ነበራቸው። የከተማ ታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ስለ ፕሬዚዳንቶችና ሐውልቶች መጻፍ ይቀለዋል።

ሦስተኛው ገንዘቡ ራሱ ነው። ገንዘብ ንጹሕ ስም ይገዛል። ሆል የፖቶማክን ወንዝ ተሻግራ ቨርጂኒያ ውስጥ እርሻ ገዝታ ነበር። መሬቱ ከሞተች በኋላ ወደ አንድ የባሕር ኃይል ሐኪም አለፈ፤ ዛሬ ከፊሉ ላይ ሜሪማውንት ዩኒቨርሲቲና ጎልፍ ሜዳ አለ። ወንድሟ ባዚል ሆልም እዚያው ጎን ባሪያ የሚያሠራበት እርሻ ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ መሬቱን እየቆረሰ ነፃ ለወጡ ጥቁሮች ሸጠላቸው። ሰፈሩ እስካሁን በስማቸው ሆልስ ሂል ይባላል። አርሊንግተን ነው፤ የኛ ሰው ከሚበዛበት ከኮሎምቢያ ፓይክ በመኪና ሩቅ አይደለም።

ሆል ሥራውን ያቆመችው በ1870ዎቹ መጨረሻ ነው። ቤቱን አከራየችው። አንድ ሰሞን የሴቶች የሕክምና መስጫ ሆኖም ሠርቷል። እሷ በጥር 1886 ሞተች፤ በሰባ ዓመቷ ገደማ። የተወችው ሀብት 87,000 ዶላር፣ ዕዳ የሌለበት። በዛሬ ስሌት ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው።

የተቀበረችው ኮንግረሽናል ሴሜተሪ ነው፤ የምክር ቤት አባላትና ጄኔራሎች ባሉበት፣ ከካፒቶል በስተ ምሥራቅ። ከእናቷና ከእህቷ ጋር ናት። የሦስቱም ሐውልት ትልቅና ያማረ ነው። የከተማዋ ጋዜጣ ሞቷን ሲያስነግር ታማኝነቷ የማይጠረጠር፣ ለተቸገረ ልቧ የተከፈተ፣ ቸርነቷ ወሰን የሌለው እንደነበረች ጻፈ። በምን እንደምትተዳደር አልጻፈም። ያነበበው ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር።